የረቡዕ ሰዎች

የመነጽሩ ቀኝ ዓይን ከቦታው ዞሯል።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። አጎቴ ቤት፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ የርቀት መነጽሩን እየወለወልኩ ነበር። በቀኙ ማያ ዙሪያ በጣት የሚዞር ቀጭን ቀለበት አለ፤ የሁለት ዓይኑ አቅም እኩል ያልሆነ ሰው በዚያ ያስተካክለዋል። የአጎቴ ቀኝ ዓይን ከግራው ይደክማል። ስለዚህ ለእሳቸው የሚስማማውን ቦታ ራሴ ለክቼ፣ እንዳይጠፋባቸው በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አድርጌበታለሁ። አሁን ነጥቡ ከመስመሩ ወርዶ ወደ ሌላ በኩል ሄዷል። በዚህ ዓይነት የሚያይ ሰው የደከመው ግራ ዓይኑ ነው።

«ጋሼ፣ በዚህ መነጽር ሌላ ሰው ያያል እንዴ?»

«ማን ያያል? እኔና ግድግዳው ነን» አሉ፣ የታመመ እግራቸውን ትራስ ላይ እንደዘረጉ። «ስወለውለው ዞሮ ይሆናል።»

እሳቸው መነጽር ወልውለው አያውቁም። የምወለውለው እኔ ነኝ። ያኔ ግን ይህ ትዝ አላለኝም። ቀለበቱን ወደ ነጥቡ መለስኩና ወሬዬን ቀጠልኩ።

ወሬዬ የግንቡ ወፎች ወሬ ነው።

ከከተማው ዳር፣ ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ባለው ኮረብታ ላይ አንድ ግንብ አለ። ማን እንደሠራው የሚያውቅ የለም፤ ለማወቅ የተጨነቀም አላጋጠመኝም። ጣሪያው ወድቋል። ማማዎቹ ወገባቸው ላይ ተቆርጠው፣ አንዱ ብቻ ከነቁመቱ ቀርቷል። ከተማ ውስጥ መንገድ ጠይቃችሁ «ግንቡ» ብትሉ፣ ግማሹ ሰው የሚያሳያችሁ የሲሚንቶ መጋዘኑን ነው። ግቢው ግን ሰፊ ነው። ያረጁ ጥዶች አሉት፤ የደረቀ የውሃ ገንዳ አለው፤ ሣሩን የሚያጭደው የለም። ሰው ስለማይመጣ ወፍ ይመጣል።

መጀመሪያ የወሰዱኝ አጎቴ ናቸው። የመሬት ቀያሽ ነበሩ፤ ኮረብታውን ሊለኩ ሲሄዱ እኔንም አስከተሉኝ። ገና ትምህርት ቤት አልገባሁም። ከአንድ ጥድ ጀርባ ግንደ ቆርቁር ብቅ አለ፣ ቀይ መጥረጊያ አናቱ ላይ የሰካ ይመስላል። አጎቴ በዚያው ቅጽበት ሊያስነጥሱ አፋቸውን ከፈቱ። ጣቴን አነሳሁና «ቆይ» አልኳቸው።

«ይቆዩ» ማለት ነበረብኝ። ቤት ስንመለስ እማዬ ይህን ስትሰማ «ታላቅሽን አንተ አልሽው?» ብላ ጆሮዬን ይዛኝ ነበር። አጎቴ ግን ማስነጠሳቸውን ውጠውልኝ ነበርና ቃሉን ወደዱት። ከዚያ ወዲህ በግንቡ ግቢ ውስጥ አንዳች ነገር ሲንቀሳቀስ አንደኛችን ጣት እናነሳለን፤ «ቆይ»። እሳቸውም ለእኔ ሲሉት «ቆዪ» አይሉትም፤ ቃሉ እንደ ተወለደ ቀረ። በሌላው ሁሉ «እርስዎ» የምላቸው አጎቴን የምዳፈርበት ቦታ እሱ ብቻ ነው። ሌላ ብዙም አንነጋገርም። እማዬ «ሁለት ዲዳዎች ተገናኝታችሁ» ትለናለች።

አምና በክረምት ከደረጃ ወድቀው ጉልበታቸውን ተጎዱ። ፋሻው ከተፈታ በኋላ ወደ ግንቡ እንሂድ ስላቸው ጉልበታቸውን እያሹ «ዳገቱን ተይኝ፣ ጭምቴ። አንቺ ሂጂና ንገሪኝ» አሉ። ጭምቴ የሚሉኝ ዝምታ ስለማበዛ ነው። መነጽሩ አንድ ነው። ደንበኛ ረስቶት የቀረ ስብር ነበር፤ በምሠራበት መነጽር ቤት ፈታትቼ፣ ሌንሶቹን አጽድቼ፣ ሁለቱን ዓይን አስማምቼ የገጠምኩት። ከመስኮታቸው የማማው ጫፍ ስለሚታይ ለእሳቸው ተውኩላቸው። እኔ እሁድ ጠዋት ጠዋት በባዶ ዓይኔ አያለሁ፣ ከሰዓት መጥቼ እነግራቸዋለሁ። ሲሰሙኝ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አንድ ጊዜ «ተኙ እንዴ?» ብላቸው «ጨፍኜ ሳየው ነው» አሉኝ። ይህን መልስ ይዤው ብዙ ከረምኩ። በሰው ጆሮ ውስጥ ወፍ ማስቀመጥ እችላለሁ ብዬ አሰብኩ።

ዘንድሮ በማማው ጠባብ መስኮት ውስጥ ጭልፊቶች ጎጆ ሠሩ። ዶሮ የሚነጥቀው ትልቁ ዓይነት አይደለም፤ የጡብ ቀለም ያለው ትንሹ ነው። አንዲት ጫጩት ወጣችላቸው። በዚያ እሁድ ለአጎቴ ስለ እሷ ነበር የምነግራቸው፤ ጥጥ የመሰለ ነጭ ላባዋ እየረገፈ፣ መስኮቱ አፍ ላይ ቆማ ክንፏን እያራገበች መልሳ እንደምትፈራ።

«በዚህ ሳምንት ትበር ይሆናል» አልኳቸው።

«ትበር ይሆናል» አሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው።

ያልነገርኳቸው አንድ ነገር ነበር። የመነጽር ቤቱ አለቃዬ በሌላ ከተማ ሁለተኛ ሱቅ ከፍተዋል። የሌንስ መሞረጃ ክፍሉን ሙሉ በሙሉ እኔ እንድይዝ ጠይቀውኛል፤ ማሽኖቹ አዲስ፣ ክፍሉ መስኮት ያለው ነው። እስከ አርብ ቁርጡን እንዳሳውቃቸው ነግረውኛል። ይህን ሥራ ሳልመው ነው የኖርኩት ብል ማጋነን አይሆንም። እማዬ ሰምታ አንድ ቃል ብቻ ነው ያለችኝ።

«ሂጂ።»

«ጋሼስ?»

«ወንድሜ ምን ሆነ? እግሩን ነው የሰበረው እንጂ ነፍሱን አይደለም።»

«ማን ይነግራቸዋል ታዲያ?»

«ስለ ወፍ?» አለችና የምታጥፈውን አንሶላ ደረቷ ላይ ይዛ አየችኝ። «አንቺ ልጅ፣ ደህና ነሽ?»

ደህና ነበርኩ። ሌሊት ሌሊት እያወጣሁ እያወረድኩ ለመቅረት ወስኛለሁ። አንድ ሽማግሌ መስኮት ሥር ተቀምጦ እሁድን እየጠበቀ እኔ አዲስ ማሽን ፊት መቀመጥ አልሆን አለኝ። አርብ ለአለቃዬ «አልሄድም» ልል፣ እሁድ ደግሞ ለአጎቴ ጫጩቷ በረረች ከሚለው ዜና ጋር ይህንን ልጨምርላቸው ነበር ያሰብኩት። ለእርስዎ ስል ቀረሁ አልላቸውም። «ሥራ አግኝቼ ተውኩት» ብቻ። እሳቸው ይገባቸዋል።

ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። አለቃዬ የቆመውን ማሽን መታ መታ አድርገው «ሂጂ፣ ዛሬ ዓለምም አንድ ቀን ሳያይ ይደር» አሉኝ። ቀጥታ ወደ ግንቡ አመራሁ። በሥራ ቀን ሄጄ አላውቅም። እሁድ የግቢው በር በሽቦ የታሰረ ነው፤ ፈትቼ እገባለሁ፣ አስሬ እወጣለሁ። ዛሬ ግን ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ አንድ ዘበኛ ወንበሩን ወደ ግድግዳ አስደግፎ ተቀምጧል።

«ከረቡዕ ሰዎች ነሽ?» አለኝ።

«የምን ረቡዕ?»

«የወፍ ሰዎቹ ናቸዋ። ቀድመውሽ ገብተዋል።» በእጁ የያዘውን የቴርሞስ ክዳን አሳየኝ፤ ሻይ አለበት። «ሳይቀዱልኝ አያልፉም። ደህና ሰዎች ናቸው። መሪያቸውማ ያ ሽማግሌ ቀያሽ፣ ዳገቱን ሲወጡ ብታዪያቸው ፍየል ነው የሚሉት።»

«ጉልበታቸውን አያማቸውም?»

«እሳቸውን? የሚያመውስ እኔን ነው፣ ስቀመጥ ውዬ።»

በከተማው ስንት ጡረታ የወጣ ቀያሽ አለ አልኩ ለራሴ። ዳገቱን ስወጣ ይህንኑ እየደጋገምኩ ነበር። ከጥዶቹ መሃል ስደርስ ሳቅ ሰማሁ። በዚያ ግቢ ውስጥ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም። እግሬ ራሱ ወደ ደረቁ ገንዳ ወሰደኝ፤ ከግድግዳው ጀርባ ቁጭ ብዬ በተሸረፈው ድንጋይ በኩል ተመለከትኩ።

አምስት ስድስት ሰዎች ሣሩ ላይ ምንጣፍ ዘርግተዋል። አጎቴ መሃላቸው፣ ከማማው ወድቆ በተጋደመ ትልቅ ድንጋይ ላይ ቆመዋል። አንድ እግራቸውን አንስተው የጫማቸውን ጠጠር እያራገፉ ነበር። የቆሙበት እግር ያ የታመመው ነው።

ክው አልኩ።

መነጽሩ አንዲት ጠይም፣ አጭር ሴትዮ አንገት ላይ ነው። በቀኙ ማያ ላይ ያለውን ቀለበት በአውራ ጣታቸው ወደ ታች ገፉና ወደ ማማው አነጣጠሩ። የገፉበት መንገድ የለመደ ሰው ነው። ቀዩ ነጥብ ለምን እንደተቀባ እንኳ የጠየቁ አልመሰለኝም።

«አዋላጇ፣ ተራ አለ» አሏቸው አጎቴ።

«ቆይ ዝም በል፣ ይቺ ልጅ ልትወለድ ነው» አሉ ሴትዮዋ ዓይናቸውን ከመነጽሩ ሳያነሱ። «ስንቱን አዋልጄ፣ እንዲህ ያስማጠኝ የለም።»

አጠገባቸው የተቀመጠ ወፍራም ሰውዬ ከላስቲክ ውስጥ ብስኩት ሊያወጣ ሲል ላስቲኩ ተንኮሻኮሸ። ያኔ ሁሉም በአንድ ላይ፣ እንደ ተማሪ፣ ጣታቸውን አነሱ።

«ቆይ» አሉት።

ከዚያ ሳቁ። ሳቁ እየበረደ ሳለ አጎቴ ድንጋዩ ላይ ሆነው ትከሻቸውን ወደ ጆሯቸው ሰበሰቡ፣ አንገታቸውን ቀበሩ፣ ዓይናቸውን አፈጠጡ፣ ጣታቸውን አፍንጫቸው ፊት ቀስረው በቀጭን ድምፅ «ቆይ» አሉ። ሰዎቹ እንደገና ፈነዱ። ወፍራሙ ሰውዬ ብስኩቱ ትን አለው።

ትከሻዬን እንደዚያ እንደምሰበስብ አላውቅም ነበር። ከድንጋዩ ጀርባ ተቀምጬ ትከሻዬን አየሁት። ተሰብስቧል።

«ተው እንጂ አንተ ሰውዬ» አሉ አዋላጇ። «እኔ ልጅቷን ሳላውቃት ወድጃታለሁ። ለምን አንድ ቀን አታመጣትም?»

«ቆይን?» አሉ አጎቴ። ስሜ ነው ማለት ነው። «እሷ ከመጣች ይሄ ሳቅ የለም። ለመተንፈስ ማመልከቻ ልታስገቡ ነው።»

«ጨካኝ።»

«ጨካኝ አይደለሁም። ልጄ ማለት ናት። ግን እሁድ እሁድ ትመጣና ወፎቹን አንድ በአንድ ትነግረኛለች። ረቡዕ በዓይኔ ያየሁትን እንዳላየሁ ሆኜ እሰማለሁ። አንዳንዴ እንቅልፍ ይጥለኛል፤ ጨፍኜ ሳየው ነው እላታለሁ።»

«ታምንሃለች?»

«በደንብ ነዋ።»

የሳቀው ወፍራሙ ሰውዬ ብቻ ነው። አዋላጇ መነጽሩን ወደ ደረታቸው አወረዱ።

«ጉልበቴ ድኗል ብትላት ምን ይጎድልሃል?»

አጎቴ ከድንጋዩ ላይ ሁለት እግራቸውን አጣምረው ዘለው ወረዱ። «እሱን ያልኳት ቀን ረቡዕም የእሷ ሆነ ማለት ነው» አሉ። «እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ትንሽ ልሳቅ። ከእሷ ጋር ስሆን ታማሚ ነኝ። እዚህ ሰው ነኝ።»

መቆጣት ይሻለኝ ነበር። ወጥቼ ፊታቸው መቆም፣ «ጋሼ» ማለት፣ እንዲደነግጡ ማድረግ። የማስበው ግን ሌላ ነው፤ በየእሁዱ ቃል ስመርጥ እንዴት እንደምውል። ከኮረብታው እስከ ቤታቸው እየተራመድኩ፣ ክንፍ አራገበች ልበል ወይስ ሞከረች፣ የቱን ብል ይበልጥ ይታያቸዋል እያልኩ።

«ወጣች» አለ አንዱ።

ወዲያው ጸጥ አሉ። ቆይ ያለ የለም። ጸጥታቸው ረጅም ነበር፤ ሣሩ ውስጥ የሚያልፈው ነፋስ ይሰማል። እኔ የአጎቴን ጉልበት ነበር የማየው። ሱሪያቸው ላይ፣ ልክ ጉልበቱ ላይ፣ የሣር አረንጓዴ አለበት። ተንበርክከው ነበር ማለት ነው፣ አንድ ነገር ሊያዩ ወይ ሊያነሱ። ከዚያ ጭብጨባ ሆነ። ቀና ስል የማማው መስኮት ባዶ ነው። ሁሉም ወደ ጡብ ፋብሪካው አንገታቸውን አዙረው በጣት ይጠቋቆማሉ። የእኔ ባዶ ዓይን ምንም አላገኘም።

በፈረሰው ቅጥር በኩል ወጣሁ። ዘበኛውን ማግኘት አልፈለግሁም።

ቤት ስገባ እማዬ ፊቴን አይታ «ምን ሆነሻል?» አለችኝ። «ፀሐይ ነው» አልኳት። ብነግራት ኖሮ ወዲያው ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወደ ወንድሟ ቤት ትሄድ ነበር፤ ነገሩ በእሷ ድምፅ እንዲነገር አልፈለግሁም። በማግስቱ መብራት መጣ። አለቃዬ ማሽኑን ሲያስነሱ አጠገባቸው ሄጄ «እሄዳለሁ» አልኳቸው። ጩኸቱ በልጦ አልሰሙኝም መሰለኝ፣ ሁለተኛ ማለት ነበረብኝ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቀለለኝ።

እሁድ ጠዋት ወደ ግንቡ አልሄድኩም። ከሰዓት በኋላ ግን እንደ ወትሮው የአጎቴን ደረጃ ወጣሁ። በሩን የከፈቱልኝ እያነከሱ ነው። ማንከሳቸውን ከዚያ ቀን በፊት እንዲህ አተኩሬ አይቼው አላውቅም። ጥሩ ተሠርቷል። ሶፋው ላይ ተቀመጡ፣ እግራቸውን ትራሱ ላይ ዘረጉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እህስ፣ ጭምቴ። ልጃችንስ?»

«እዚያው መስኮቱ ላይ ናት» አልኩ። «አልበረረችም።»

የዓይናቸው ቆብ ተርገበገበ እንጂ አልተከፈተም።

«አልበረረችም?»

«አልበረረችም። ክንፏን ዘርግታ ቆየችና ተመልሳ ገባች። የምትበር አልመሰለኝም። እናቷም ምግብ ማምጣት ትታለች።»

«እንዴት ትተዋለች» አሉ ቶሎ ብለው። ቀጥሎ «ማለቴ፣ ምናልባት አንቺ የደረስሽበት ሰዓት...» ብለው ተዉት። አሁን ዓይናቸውን ገልጠዋል። ያያሉ። የወፏን መብረር በዓይናቸው አይተዋል፣ አጨብጭበዋል፤ እኔ ደግሞ ፊታቸው ተቀምጬ እየገደልኳት ነው። አንድ ቃል ቢናገሩ ትድናለች። ጠበቅኋቸው።

«ያሳዝናል» አሉ በመጨረሻ።

መነጽሩን ከመስኮቱ ደፍ ላይ አነሳሁ። ቀዩ ነጥብ እንደገና ወደ ታች ወርዷል። ወደ ቦታው አልመለስኩትም። ነጥቡን በጥፍሬ ፋቅሁት፤ ቶሎ ተላጠ፣ ጉልበቴ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ወደቀ። መነጽሩን መልሼ ደፉ ላይ አኖርኩት።

«እሱን ምን አደረግሽው?»

«ለሚያይበት ሰው እንዳያስቸግር ነው» አልኩ። «ጋሼ፣ ሥራ አግኝቻለሁ። ሌላ ከተማ ነው። በዚህ ሳምንት እሄዳለሁ።»

ቀና አሉ። ደስ እንዳላቸው፣ እንዳዘኑም ፊታቸው አልለየለትም። ከሁለቱም የቀደመው ግን እፎይታ ነው፤ ባላየው በወደድኩ። ወዲያው ደበቁት።

«ጎሽ። እሰይ የኔ ልጅ። ሳትነግሪኝ? መቼ ወሰንሽ?»

«ረቡዕ» አልኩ።

አጎቴ ትራሱ ላይ የተዘረጋውን እግራቸውን አዩት። ከዚያ መነጽሩን። ከዚያ እኔን። ሱሪያቸው ታጥቧል፤ የሣሩ አረንጓዴ ግን ጉልበቱ ላይ ፈዝዞ ቀርቷል።

«ረቡዕ ሥራ ላይ አልነበርሽም?» አሉ፣ ድምፃቸው ወርዶ።

«መብራት ጠፍቶ ነበር።»

ተነስቼ ቦርሳዬን ያዝኩ። በሩን በቀስታ ዘጋሁት፤ መወርወር አልለመድኩም። የመጀመሪያውን ደረጃ ጨርሼ ወደ ሁለተኛው ስታጠፍ በሩ ሲከፈት ሰማሁ። ቀጥሎ እግራቸውን ሰማሁ። እኩል የሆኑ፣ ፈጣን እርምጃዎች ናቸው፤ አንዱ ከሌላው የማይከብድ፣ የማይዘገይ። ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለሉ ይወርዳሉ።

«ቆይ» አሉ። «ጭምቴ፣ ቆይ።»

ቆምኩ። ያ ቃል ሁልጊዜ ያቆመኛል፤ እግሬ ከእኔ በፊት ይሰማዋል። ከበላዬ ባለው እርከን ላይ ደርሰው መከታውን ይዘዋል። ነጠላ ጫማቸው አንዱ ወልቆባቸዋል። ጣታቸውን አንስተዋል፣ አፍንጫቸው ፊት፤ እየቀለዱ አይደለም። ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ቆምን፣ እንደ ድሮው፤ የምናስደነግጠው ወፍ ግን በመሃላችን አልነበረም።

ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ማለት በሚገባኝ መንገድ አልኩት።

«ደህና ይቆዩ፣ ጋሼ።»